ኬዲፒ ወይስ ቴሌግራም? ለጀማሪ የአማርኛ ደራሲ የተጻፈ ግምገማ

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ለማሳተም የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ማተሚያ ቤቶቹ በአብዛኛው 130 ኪሎ ሜትር ርቀው አዲስ አበባ ናቸው፤ የወረቀት ዋጋ ዓመት በዓመት ይንራል፤ አከፋፋዩም ስሙ ያልታወቀ ደራሲ ሥራ ሲቀርብለት መደርደሪያው ሞልቷል ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት ጸሐፊዎች በተሰበሰብንበት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ነገር ሲነሣ ደራሲ መጽሐፉን ራሱ ጭኖ የሚሸጥበት የአማዞን አገልግሎት፣ የኬዲፒ ስም ሳይጠራ አይቀርም። እኔም ኬዲፒን ከምዝገባው እስከ ግብር ቅጹ ድረስ በዝርዝር ከመረመርኩ በኋላ ልብ ወለዴን በቴሌግራም ለቅቄ በቴሌብር ሸጫለሁ። ፍርዴን ለማስቀደም ያህል፣ ኬዲፒ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው እጅግ የተዋጣለት አገልግሎት ሲሆን በአማርኛ ለሚጽፍ ግን ገና አልተዘጋጀም።

አገልግሎቱ ኪንድል ከተባለው የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ጋር አብሮ የተጀመረው በኅዳር ወር 2000 ዓ.ም. ሲሆን መጽሐፍ ለመጫን አንዳችም ክፍያ አይጠይቅም። ደራሲው ጽሑፉንና ሽፋኑን ይጭናል፤ እስከ 4000 ፊደል የሚደርስ መግለጫ ይጽፋል፤ አንባቢ ሊፈልግባቸው የሚችሉ ሰባት ቁልፍ ቃላትና እስከ ሦስት የሚደርሱ ምድቦች ይመርጣል፤ ምርመራውም ብዙውን ጊዜ በ72 ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቃል። ለኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አይኤስቢኤን የተባለውን ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ማቅረብ ግዴታ አይደለም፤ አማዞን የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጣል። ከሁሉ የወደድኩት ግን መጽሐፉ ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ የተገኘን ግድፈት አርሞ ፋይሉን መልሶ መጫን መቻሉን ነው። አንድ ሺህ ቅጂ አሳትሞ የዋና ገጸ ባሕርይው ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ያገኘ ደራሲ የዚህን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ኬዲፒ ሴሌክት የተባለው ተጨማሪ ውል መጽሐፉን ለ90 ቀናት በአማዞን ብቻ ለማቆየት የተስማማን ደራሲ ኪንድል አንሊሚትድ የተባለው በወርሃዊ ክፍያ የማንበቢያ አገልግሎት ደንበኞች ባነበቡት የገጽ ብዛት ልክ ይከፍለዋል፤ በእነዚሁ ቀናት ውስጥም መጽሐፉን እስከ አምስት ቀን በነፃ እንዲያድል ይፈቅድለታል። ስም ለሌለው ጸሐፊ ከገጽ ክፍያው ይልቅ ነፃ ቀናቱ ይጠቅማሉ ባይ ነኝ። ይሁን እንጂ ውሉን የገባ ሰው ያንኑ መጽሐፍ በኤሌክትሮኒክ መልክ በሌላ ቦታ መሸጥ ቀርቶ በነፃ መስጠት እንኳ አይችልም፤ ልብ ወለዱን በቴሌግራም በክፍል በክፍል ለመልቀቅ ያሰበ ደራሲ ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ እንደማይሆንለት ከወዲሁ ይወቅ።

የክፍያው ስሌት ሲታይ ነገሩ ይቀዘቅዛል። ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር የሆነ መጽሐፍ ለደራሲው 70 በመቶ ያስገኛል ይባላል፤ ነገር ግን ይህ ድርሻ የሚሠራው ገዢዎቹ በተወሰኑ አገሮች ሲገኙ ብቻ ሲሆን ኢትዮጵያ ከእነዚያ አገሮች መካከል አይደለችም። ለተቀረው ዓለም ገዢ የሚታሰበው 35 በመቶ ነው። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት እዚያ ከተሸጠው ከሚያገኘው የደራሲ ድርሻ ላይ 30 በመቶ ግብር ይቀነሳል። በ2.99 ዶላር ከተሸጠ መጽሐፍ ሁሉ ነገር ተቀንሶ ለደራሲው የሚደርሰው ከአንድ ዶላር ተኩል ያነሰ ነው፤ ገንዘቡም የሚለቀቀው ሽያጩ የተካሄደበት ወር ካለቀ ከ60 ቀናት ገደማ በኋላ ነው። የአገር ቤቱ ገዢ በበኩሉ በውጭ አገር የሚሠራ የክፍያ ካርድ ያስፈልገዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 2.99 ዶላር ከ300 ብር በላይ መሆኑን ሲያስብ፣ የማያውቀውን ደራሲ ለመሞከር እጁ እንደሚያጥር ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ ቢታለፍ እንኳ የቋንቋው ጉዳይ አይታለፍም። ኬዲፒ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች በዝርዝር አስቀምጧል፤ ሂንዲ፣ ታሚልና ማራቲ አሉበት፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንክስ የሆነ የመጨረሻው ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 ያረፈ ሲሆን፣ ማንክስም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተናጋሪ ያለው አማርኛ ግን የለም። መጽሐፋቸውን በሌላ ቋንቋ ስም አስመዝግበው ለማስገባት የሚሞክሩ ደራስያን አሉ። እኔ አልመክረውም፤ መጽሐፉ በማንኛውም ጊዜ ከገበያ ሊነሣ ከመቻሉም በላይ፣ አማርኛ የሚፈልግ አንባቢ በሌላ ቋንቋ መደብ ገብቶ ሊያገኘው አይችልም።

በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ደራሲው አስቀድሞ የተስተካከለ ፋይል ሊኖረው ይገባል፤ ብዙዎች የሚንቁት ይህንን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በከተማችን በሚገኝ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት የተተየበው ረቂቄ እዚያው ባለው ኮምፒዩተር ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነበር። በስልኬ ስከፍተው ግን ከርእሱ ጀምሮ የላቲን ፊደላት፣ ቅንፎችና የዶላር ምልክቶች ተደበላልቀው ከመታየታቸው በቀር አንድም የግእዝ ፊደል አልነበረበትም። መንሥኤው ጽሑፉ ዩኒኮድን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በማይከተል አሮጌ ፎንት መተየቡ ነው፤ እንዲህ ያለው ፎንት የግእዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ስለሚያስቀምጥ፣ ፎንቱ በሌለበት መሣሪያ ሁሉ ጽሑፉ ይበላሻል። ግእዝ በዩኒኮድ ከተካተተ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ሩብ ምእት ዓመት አልፎ ሳለ ይህ ችግር እስከ ዛሬ መኖሩ የሚያስገርም ነው። ስለዚህ ለታይፒስት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመጀመሪያዋን ገጽ ወደ ስልካችሁ አስልካችሁ ተመልከቱ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የፋይሉ ዓይነት ነው። አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ በቴሌግራም የሚዘዋወረው በኤ4 መጠን በተዘጋጀ ፒዲኤፍ ሲሆን፣ ይህ በትንሽ ስልክ ላይ አንባቢውን እያንዳንዱን መስመር በጣቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጎተተ እንዲያነብ ያስገድደዋል። ኢፑብ የተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ግን ጽሑፉን ከስልኩ ስፋት ጋር ያስማማል፤ ፊደሉን ማተለቅ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊትም ገጹን ማጥቆር ይቻላል። ለማዘጋጀትም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጉግል ዶክስም ሊብረ ኦፊስም ፋይሉን በቀጥታ በኢፑብ ያወጣሉ፤ ካሊበር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ለማስተካከል ይረዳል። የየምዕራፉ ርእስ በትክክለኛው የርእስ ስታይል ካልተጻፈ ማውጫ አይወጣም። አራት ነጥብን ከቃሉ በክፍተት ለይቶ የመተየብ ልማድም እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ወርዶ ይቀመጣል። ሽፋኑን በተመለከተ ርእሱ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ በሆነ ምስል ላይ የሚነበብ ከሆነ ይበቃል።

ደራሲ መጽሐፉን ራሱ ማሳተሙ ለአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው። የዛሬው ጀማሪ ማተሚያ ቤት ባይኖረው ቴሌግራም አለው፤ የእኔም ልብ ወለድ አንባቢውን ያገኘው በዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በቻናል ላይ በነፃ፣ ሳይዛነፍ በተወሰነ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እለቅ ነበር። ሰዓት ማክበሩ ከምንም ማስታወቂያ በላይ ሠርቷል፤ በተለይ በአረብ አገር ሥራ ላይ ያሉ እህቶቻችን ከሥራ መልስ የሚያነቡት ነገር ስለሚሹ፣ የሚቀጥለውን ክፍል አስቀድሜ እንድለቅላቸው የሚማጸኑት እነርሱ ነበሩ። በየጽሑፉ ግርጌ የሚታየው የተመልካች ቁጥርም አንባቢ የት ላይ እንደሰለቸ ያሳያል፤ አንዱ ምዕራፍ ከቀደመው እጅግ ያነሰ ተመልካች ካገኘ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ከእርሱ በፊት በተለቀቀው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። አንድ የመንዝ መሐል ሜዳ አባት ደግሞ የበግ ፀጉር ተነድፎና በሴቶች ተፈትሎ ባና እስኪሆን ያለውን ሂደት በድምፅ መልእክት አብራርተው ልከውልኛል፤ ባለታሪኬ የሸማኔ ልጅ ስለሆነች ከዚህ የበለጠ ስጦታ አልነበረም።

የቀሩትን ምዕራፎች የያዘውን ኢፑብ የምሸጠው በቴሌብር ነው። ገዢው ገንዘቡን ልኮ የማረጋገጫውን ስክሪንሾት ይልክልኛል፤ ስክሪንሾት በቀላሉ ሊቀነባበር ስለሚችል ግን የግብይት ቁጥሩን በራሴ ስልክ ከደረሰኝ መልእክት ጋር ሳላመሳክር ፋይል አልልክም። በእያንዳንዱ ቅጂ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የገዢውን ስም እጽፋለሁ፤ ይህ ማባዛትን ባይከለክልም ያሳፍራል። ቻናሉ ጽሑፍ ማስተላለፍንና ማስቀመጥን የሚከለክል ማስተካከያ ስላለው እርሱንም ማብራት ይገባል። በፍለጋ ላይ አንዱ አንባቢ ጸሐዩን በጸሎቱ ጸ ሲጽፍ ሌላው በፀሐዩ ፀ ስለሚጽፍ፣ የመጽሐፉን ርእስ በቻናሉ መግለጫ ውስጥ በሁሉም አጻጻፍ ማስፈሩ ይጠቅማል። በክፍያ እናስተዋውቃለን ከሚሉ ትልልቅ ቻናሎች ግን ብዙ አትጠብቁ፤ የእኔ ማስታወቂያ ከተለጠፈ በኋላ ወዲያው በሌሎች ማስታወቂያዎች ተቀብሯል።

በሕጉ ረገድ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ከተጻፈበት ጊዜ አንሥቶ ይጠብቀዋል፤ ጥበቃውም በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት ይጸናል። መጽሐፉን በወረቀት ለማሳተም ያሰበ ደግሞ አይኤስቢኤን የሚያገኘው በተለምዶ ወመዘክር ከምንለው የቤተ መዛግብትና የቤተ መጻሕፍት ተቋም ነው።

ኬዲፒን በአማርኛ ለሚጽፍ ደራሲ ከአምስት ኮከብ አንድ፣ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ለሚጽፉት ተማሪዎቻችን ደግሞ አራት እሰጠዋለሁ። ቴሌግራምና ቴሌብር ተደምረው ከእኔ ዘንድ ሦስት ኮከብ ያገኛሉ፤ አንዱን የቀነስኩት ደራሲው ራሱ ገንዘብ ተቀባይም ፋይል አዳይም ሆኖ የመጻፊያ ጊዜው ስለሚሻማበት ሲሆን፣ ሌላውን የቀነስኩት አዋጁ እያለም ፋይሉ አንድ ጊዜ ከገዢ እጅ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው ስለሌለ ነው።