ኩንግ ፉና ታይ ቺ በአንድ ክፍል፦ ስልጠናው እንዴት ነው?

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሁለቱን የቻይና ጥበቦች፣ ፈጣኑን ኩንግ ፉና ዝግተኛውን ታይ ቺ፣ አንድ ላይ የሚሰጥ ቦታ ካገኛችሁ ግቡ። ለየብቻ ከመማር በብዙ ይሻላል። ኩንግ ፉ ብቻ የሚሰጥባቸው ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነትና ጉልበት ላይ ያተኩራሉ፤ ታይ ቺ ብቻ የሚሰጥባቸው ደግሞ ጥሩ አሰልጣኝ ከሌለ ቀስ ብሎ እጅ ማወዛወዝ ሆነው ይቀራሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት አደባባይ ያወጣዋል። እኔ የምሰለጥንበት ቦታ እንዲህ ያለ ነው። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር ስላለ ስለ ስልጠናው ራሱ ብናወራ ይሻላል።

ክፍለ ጊዜው የሚጀምረው በማሟሟቂያ ነው። አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት እያለ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ኩንግ ፉ ይመጣል፦ አቋቋም፣ ቡጢ፣ ርግጫ፣ ከዚያ ፎርም፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተያያዙ እንቅስቃሴዎች። ትንሽ ትንፋሽ ይሰበሰብና ታይ ቺ ይጀመራል። አንዳንድ ሰልጣኞች ለምን በዝግታው አንጀምርም ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን ወድጄዋለሁ። ጭናችሁ ዝሎ ሳለ ታይ ቺ ስትጀምሩ በጡንቻ ልግፋ ብትሉም አትችሉም፣ ጉልበቱ አልቋላ። ያኔ ትከሻ ሳይወድ በግዱ ይወርዳል፣ ክንድ ይላላል። ታይ ቺ ከመጀመሪያው የሚፈልገውም ይሄንኑ ነው።

ጭን የሚያዝለው በዋናነት የፈረስ አቋቋም ነው። ቻይናዎቹ ማቡ ይሉታል። እግር ከትከሻ ሰፋ ተደርጎ ይከፈታል፣ ጣቶች ወደ ፊት ያያሉ፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ጀርባ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ መቆም ነው። በቃ፣ መቆም። ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ጭን መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሰውየውም ሳያውቀው ማጭበርበር ይጀምራል፦ ወገቡን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ደረቱን ወደ ፊት ይደፋል፣ ጉልበቶቹን ወደ ውስጥ ያስገባል። የጥሩ አሰልጣኝ ዓይን የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። የኛ አሰልጣኝ አጠገቤ ያለች ልጅ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሲገባ አይተው መዳፋቸውን ከጉልበቷ ውጭ በኩል አደረጉና “እጄን ግፊው” አሏት። ሌላ ማብራሪያ የለም። ስትገፋ ጉልበቷ ከእግር ጣቷ ጋር መስመር ገባ፣ ዳሌዋ ተከፈተ፣ ቁመናዋ ወዲያው ተስተካከለ። ጉልበት ወደ ውስጥ እየገባ ዝቅ ማለት ከጊዜ በኋላ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፣ ስለዚህ እንዲህ ያለችው የአንድ አፍታ እርማት ከብዙ አዲስ ፎርም ትበልጥብኛለች።

ታይ ቺው ላይ የምንማረው የ24ቱን እንቅስቃሴ ፎርም ነው። ይሄ ፎርም እ.ኤ.አ. በ1956 በቻይና የስፖርት ኮሚሽን ያንግ ስታይል ከሚባለው የታይ ቺ ዓይነት ተቀንጭቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ረጅሙን ፎርም ለመማር ጊዜ የሌለው ሰው ሁሉ እንዲይዘው ታስቦ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሲሰራ 5 ወይም 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለጀማሪ ጥሩ ምርጫ ነው። ችግሩ ግን ቶሎ በቃል ይያዛል፣ በቃል የያዘ ሰው ደግሞ የቻለ ይመስለዋል።

እስቲ አንድ እርምጃ ብቻ እንይ። የዱር ፈረስ ጋማ መክፈል የሚባለው እንቅስቃሴ ላይ ክብደታችሁ ሙሉ በሙሉ የኋላ እግር ላይ እያለ የፊቱ ተረከዝ መሬት ይነካል። ይነካል እንጂ አይጫንበትም። ከዚያ ክብደቱ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይፈሳል። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ተረከዙ መሬት በነካበት ቅጽበት አሰልጣኙ “መልሱ” ይላሉ። ሳትንገዳገዱ፣ ወገባችሁን ሳታጥፉ እግራችሁን መመለስ ከቻላችሁ እርምጃው ትክክል ነበር። ካልቻላችሁ ተራምዳችሁ ሳይሆን ወድቃችሁ ነው የደረሳችሁት። ብዙዎቻችን በአዘቦት ቀንም የምንራመደው እንደዚያ ነው፣ ወደ ፊት እየወደቅን በእግራችን እየተቀበልን። ዝግታው ይሄንን ያጋልጣል። በፍጥነት ሲሄዱ ሚዛን ማጣት አይታይም፣ ቀስ ሲሉ ግን መደበቂያ የለም።

ለዚህም ይመስለኛል በታይ ቺ ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ጠንከር ያሉት ሚዛንና መውደቅ ላይ የሆኑት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 670 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ለ24 ሳምንት ተከታትሏል። አንዱ ቡድን ሚዛን ላይ ያተኮረ ታይ ቺ፣ ሁለተኛው ቅይጥ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ፣ ሦስተኛው ሰውነትን የማሳሳብ እንቅስቃሴ ብቻ ሰራ። ከሁሉም ያነሰ የወደቀው የታይ ቺው ቡድን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እንቅስቃሴን የሚያውከው የፓርኪንሰን በሽታ ያለባቸው 195 ሰዎች ላይ ተሰርቶ፣ ታይ ቺ የሰሩት ሚዛናቸው ከሌሎቹ በተሻለ መሻሻሉን አሳይቷል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ወላጆቻችሁ በዕድሜ ከገፉ ይዛችኋቸው ሂዱ።

ግን ከዚህ አልፎ ሁሉን በሽታ ይፈውሳል የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ውጡ። አሁን ያለሁበት ቦታ ከመግባቴ በፊት ሌላ ቦታ ሞክሬ ነበር። እዚያ አንዱ አሰልጣኝ የደም ግፊት ያለባቸውን ሰልጣኝ “ቺው ሲከፈትልዎት መድኃኒቱን ይተዉታል” ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ቺ የሚሉት በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለውን ኃይል ነው። በጣም ነው የተናደድኩት። ስፖርት ለግፊት እንደሚጠቅም ማንም ያውቃል፣ መድኃኒት የሚያቋርጠው ግን ሐኪም እንጂ አሰልጣኝ አይደለም። ያው ሰውዬ ሳይነካ ሰው እገፋለሁም ይል ነበር። የሚገፋውም የራሱን ተማሪዎች ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የመፋለሙን ጉዳይ ላንሳ፣ ብዙ ወጣት ለዚያ ስለሚመጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቼንግዱ ከተማ ውስጥ ሹ ሺያዶንግ የተባለ የኤምኤምኤ (የቅይጥ ፍልሚያ ስፖርት) ተፋላሚ ዌይ ሌይ ከተባለ የታይ ቺ አሰልጣኝ ጋር ገጥሞ በሰከንዶች ውስጥ ጣለው። ቪዲዮው ዓለምን አዳረሰ፣ ታይ ቺም መሳለቂያ ሆነ። እኔ የማየው እንደዚህ ነው፦ የሚቃወም ሰው ገጥሞት የማያውቅ ሰው ፎርሙ ምንም ቢያምር በዱላ ቀን አይሆንለትም። ይሄ ለታይ ቺም፣ ለኩንግ ፉም፣ ለቦክስም እኩል ይሰራል። ለመፋለም ከሆነ የምትፈልጉት ሳንዳ ያለበትን ክፍል ጠይቁ። ሳንዳ በጓንትና በመከላከያ የሚደረግ፣ ቡጢ፣ ርግጫና መጣል ያለበት የቻይና ፍልሚያ ነው። የኛ ቦታ ሳንዳ የለውም፣ እንዳለውም አይዋሽም። በዚህ አከብራቸዋለሁ።

ያለው ግን ቱይ ሾው ነው፣ የሁለት ሰው እጅ ለእጅ መገፋፋት። ሁለት ሰልጣኞች ፊት ለፊት ቆመው አንጓ ለአንጓ ያገናኛሉ፣ ክብ እየሰሩ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ያሳልፋል። እንደኔ የስልጠናው ምርጥ ክፍል ይሄ ነው። አንድ ጂም የሚሰራ ደረተ ሰፊ ልጅ ዕድሜያቸው ገፋ ካሉ ሴት ጋር ተመደበ። ልጁ አፍሮ ለስለስ አድርጎ ገፋ፣ አልሆነም። ጠንከር አድርጎ ገፋ። እሳቸው ክንዳቸውን ሳያነሱ ወገባቸውን ብቻ ዞር ሲያደርጉ ልጁ አጠገባቸው አልፎ ሁለት እርምጃ ሄደ። “እትዬ፣ ምን አደረጉኝ?” አላቸው። “ምንም። አንተው ነህ የሄድከው” አሉት። እውነታቸውን ነው። እጁ ግትር ስለነበር የት ሊሄድ እንዳሰበ በአንጓው ነግሯቸዋል።

ስለ አእምሮው ጥቅም ብዙ ይባላል፣ አብዛኛው ግን በደፈናው ነው። እኔ ያየሁት ይሄን ነው፦ አእምሮ ባዶ አይሆንም። እንዲያውም ሥራ ይበዛበታል። ክብደቴ የት ነው፣ ትከሻዬ ተነሳ ወይ፣ ወገቤ ከእጄ ቀደመ ወይ፣ ትንፋሼን ያዝኩ ወይ። ይሄን ሁሉ የሚከታተል ሰው ስለ ቢሮ ጭቅጭቅ የሚያስብበት ቦታ የለውም። ሲጨርስ ቀለል ይለዋል። ኩንግ ፉው ላይ ያለው ዕረፍት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፣ ቡጢው ሲወጣ ትንፋሽም አብሮ ይወጣል፣ የተጠራቀመ ንዴት ካለም አብሮ ይሄዳል። ተናድጄ በገባሁበት ቀን ኩንግ ፉው፣ ተጨንቄ በገባሁበት ቀን ታይ ቺው ይበልጥ ይረዳኛል።

ታይ ቺ ለሽማግሌ፣ ኩንግ ፉ ለወጣት የሚለውን ክፍፍል ደግሞ አልቀበለውም። ታይ ቺ ራሱ የፍልሚያ ጥበብ ነው። ሥሩ የሚመዘዘው ሄናን ግዛት ውስጥ ካለው የቼን መንደር ነው፣ ዝነኛው የሻኦሊን ገዳምም ያለው በዚያው ግዛት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ያንግ ሉቻን የተባለ ሰው ከቼን ቤተሰብ ተምሮ ቤጂንግ ወስዶ አስተማረው፣ የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ ደግሞ አሁን የምናውቀውን ሰፋ፣ ቀስና እኩል ያለ አሰራር አስፋፋ። የቼን ስታይልን ያየ ሰው ግን ዝግታው መሃል ድንገት የሚፈነዳ ቡጢና መሬት የሚመታ እግር ያገኛል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 ታይ ቺን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይሄን ሁሉ አጠቃሎ ነው።

አሁን ወቀሳዬ። አንደኛ፣ የማታው ክፍል ይጨናነቃል። ሰው ሲበዛ አሰልጣኙ እንደ ጠዋቱ እየዞሩ መንካትና ማስተካከል አይችሉም፣ ፊት ቆመው ይቆጥራሉ፣ እኛም ከኋላ እንቀዳለን። ያ ደግሞ ቪዲዮ ከማየት ብዙም አይለይም። ረዳቶች አሉ፣ ግን ፎርም ማሳየት እንጂ ስህተት ማየት ገና አልለመዱም። ሁለተኛ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ለታይ ቺ ምንም አይል፣ ለዝላይ ርግጫ ግን ጉልበት ይጎዳል፣ ምንጣፍ ሊነጠፍ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ አንዱ ፎርም ሳይደላደል ሌላው ይጀመራል። ሰልጣኝ እንዳይሰለች ተብሎ እንደሆነ ይገባኛል፣ ውጤቱ ግን ብዙ የሚያውቅ ትንሽ የሚችል ሰው ነው። የቀበቶ ፈተናውም ይሄንኑ ያባብሳል፣ ሁሉም ለቀለሙ ይሮጣል። የቀበቶ ማዕረግ እኮ ከጃፓን ስፖርቶች የመጣ ነው፣ ኩንግ ፉ ብዙ ዘመን ያለሱ ኖሯል።

ጉልበት ወይም ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ለአሰልጣኙ ንገሩ። ዝቅ ብሎ መስራት ግዴታ አይደለም፣ የታይ ቺ ፎርም ከፍ ብሎ ተቁሞም በሚገባ ይሰራል፣ ጥሩ አሰልጣኝ ራሱ “ከፍ በል” ይላል። ጫማ ሶሉ ቀጭንና ጠፍጣፋ ይሁን፣ ወፍራሙ የሩጫ ጫማ ተረከዝ መሬት ሲነካ እንዳይሰማ ያደርጋል። ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ አንድ ክፍለ ጊዜ ዳር ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። አሰልጣኙ ከኋላ ረድፍ ያሉትንም ሄደው የሚያርሙ ከሆነ ተመዝገቡ፣ በተቻለ መጠን ግን የጠዋቱን ክፍል ምረጡ።