ሱሉልታ አካባቢ ቤታችሁን እርጥበት ላስቸገራችሁ፦ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ቀለም ሊቀቡ ተጠርተው «አሁን አልቀባም» ያሉ ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዘንድሮ አየሁ። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ነው።

የሱሉልታን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ከእንጦጦ ጀርባ ነን። ብርዱ ከከተማው ይብሳል፣ ሜዳው ውኃ ያቁራል። ሐምሌ ሲገባ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ መጥቆር ይጀምራል። ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ ስናደርገው ከጀርባው ሻጋታ ነው። የልጆቹ ጋቢ ሳይቀር ይሸታል። ከዚህ በፊት የመጣ ቀለም ቀቢ ላዩን ፈቅፍቆ፣ ስቱኮ ለቅልቆ፣ ፕላስቲክ ቀለም ደርቦበት ሄደ። ክረምቱ ሳይወጣ ተነፋፍቶ ረገፈ። ብሩም አብሮ።

ጋሼ (ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው) የመጡት በነሐሴ ዝናብ ነው። ብሩሽ አልያዙም። «ፌስታል አለ?» አሉ። ቀደዱትና አንዱን ቁራጭ ከግድግዳው ሥር፣ ሌላውን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ለጠፉ። ዙሪያውን በፕላስተር ጥብቅ አድርገው አሸጉት። «ነገ እመጣለሁ፣ እንዳትነኩት» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ የታችኛው ፌስታል ውኃ ያዘለው በግድግዳው በኩል ሆኖ ተገኘ። የቁም ሳጥኑ ግን የረጠበው በክፍሉ በኩል ነው። «ሁለት በሽታ ነው ያለባችሁ» አሉ። አንዱ ከውጭ በግድግዳው የሚገባ ውኃ። ሌላው እኛው የምናመርተው እንፋሎት ነው፦ ወጡ ሲንተከተክ፣ ውኃ ሲፈላ፣ ዝናብ ፈርተን ሳሎን የምናሰጣው ልብስ። ሞቅ ያለው አየር ቀዝቃዛ ብሎኬት ሲነካ ውኃ ይሆናል።

የአሸንዳው ቱቦ ውኃውን የሚዘረግፈው ከግድግዳው ሥር ነበር። አስረዝመው ወደ ቦዩ ወሰዱት። ግድግዳውን ተደግፎ የኖረውን አፈር ቆፍረው ዝቅ አደረጉት። የበሰበሰውን ልስን በመሮ እስከ ብሎኬቱ አራገፉት። ማድ ቤት ቬንትሌተር ገጠሙ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቁት፣ አየር ይዙርበት ብለው። ልብሱም ወደ በረንዳ ወጣ። ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ክፈቱ አሉን።

ባለቤቴ «ክፍሉን በከሰል ብናደርቀውስ?» ስትላቸው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል።

ቀለሙን ግን እምቢ አሉ። «ግድግዳው ይድረቅ። ጥቅምት ይምጣና ንፋስ ይምታው፣ ያኔ ጥሩኝ።» ቀብድ ልስጥ ብላቸው አልተቀበሉም። ኅዳር ላይ መጥተው ቀቡት።

ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አለኝ። ነሐሴ ላይ ከ75 በመቶ በላይ ያነብ ነበር። አሁን 50 አካባቢ ነው። ለቤት ጥሩ የሚባለው ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን፣ ከ60 ካለፈ ሻጋታው ይመቸዋል። በጋው እንደረዳን አልክድም፤ ሙሉ ክረምት ገና አልፈተነውም። ግን የመስከረሙ ዝናብ እየወረደ የግድግዳው ሥር ሲደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሚኒሶታ ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። እሷም አዲስ ቆጣቢ የጋዝ ማሞቂያ አስገብታ በክረምት መስኮቷ ማላብ ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለው ማሞቂያ በአብዛኛው ለእሳቱ የሚሆነውን አየር በቱቦ ከውጭ ይስባል። እንደ አሮጌው የቤቱን አየር በጭስ ማውጫ አያስወጣም፤ እንፋሎቱ እዚያው ይቀራል። የሷ ባለሙያ ውጭ ብርዱ ሲጠና የእርጥበት መጨመሪያውን (የቤቱ አየር እንዳይደርቅ እንፋሎት የሚረጨውን ዕቃ) ዝቅ አድርጊ አላት። ጋሼም እዚያ ቢሆኑ ይህንኑ ይሉ ነበር።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፣ ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ያለ ፈቃዳቸው ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ደውሉ። ሥራ ከጀመሩ ስልክ አያነሱም።