ጥሬ ገንዘብ ይዞ መምጣት፦ ከአሜሪካ ወይስ ከጀርመን?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለው ቤታችን ሰርግ ደግሷል። አክስቴ ከባሏ ጋር ከአሜሪካ፣ አጎቴ ከጀርመን ይመጣሉ።

ሁለቱም ጋ ገንዘብ ይዞ መውጣት አይከለከልም፤ ግዴታው ቅጽ ሞልቶ ለጉምሩክ ማሳወቅ ነው። አሜሪካ ከ10,000 ዶላር ሲያልፍ ነው። ግን አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ ገንዘቡ ይደመራል! አክስቴ ቦርሳዋ ውስጥ 6,000፣ ባሏ ኪሱ ውስጥ 6,000 ቢይዙ፣ 12,000 ተብሎ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ካላሳወቁ ደግሞ ሊወረስ ይችላል። ተለፍቶ የተጠራቀመ ገንዘብ እንዲህ ሲቀር ያንገበግባል።

ከአውሮፓ ኅብረት ሲወጡ ልክ 10,000 ዩሮ ሲሞላ ማሳወቅ ነው፤ የሚቆጠረውም በነፍስ ወከፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የወርቅ ሳንቲምም ይካተታል። ለባልና ሚስት የአውሮፓው ይቀላል ባይ ነኝ።

ትናንት ደውዬ፣ «አክስቴ፣ ቅጹን ሳትሞይ እንዳትነሺ» ብያታለሁ።