አዲስ ቀለም የተቀባው ወይስ የተላጠው? ያገለገለ የብረት ኮርስ ፍሬም ስትገዙ

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ኮርስ (የውድድር) ብስክሌት ስታፈላልጉ ሁለት ዓይነት የብረት ፍሬም ይገጥማችኋል። አንዱ ቀይ ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል፤ ታችኛው ቱቦ ላይ «ኮልናጎ» የሚል የታዋቂ የጣሊያን ፋብሪካ ስቲከር አለበት። ሌላው እዚህም እዚያም ተላጧል፤ የስቲከሩ ግማሽ የለም፤ ካቴናው የሚመታው ቦታ ብረቱ ወጥቷል። ሻጩ ለመጀመሪያው የሁለተኛውን እጥፍ ይጠራል። እኔ ግን መጀመሪያ እጄን የምሰደው ወደ ሁለተኛው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የተላጠ ፍሬም የሚደብቀው ነገር ትንሽ ነው። ከተጋጨ ይታያል፣ ከዛገ ይታያል፣ ከተበየደም ይታያል። አዲስ ቀለም ሦስቱንም በአንድ ቀን ይሸፍናል። ቀለም የተቀባ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው እያልኩ አይደለም። የድሮውን ቀለም አስልጦ፣ አንቲረስት አስቀብቶ፣ ፍሬሙን በወጉ ያሳደሰ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ግን ከመቀባቱ በፊት ባዶ ብረቱን ያነሳበት ፎቶ አያጣም። ጠይቁት። ፎቶ ከሌለ ዋጋው መውረድ አለበት።

ከስሙ እንጀምር። ስቲከር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የድሮ ብስክሌት ለሚያድሱ ሰዎች ተብሎ የታዋቂ ፋብሪካዎች ስቲከር ዛሬም እየታተመ ይሸጣል፤ ገዝቶ በፈለገው ቱቦ ላይ መለጠፍ ማንም ይችላል። ስለዚህ ዓይናችሁን ከስቲከሩ አንስታችሁ ብረቱ ላይ ጣሉት። ኤርኔስቶ ኮልናጎ ሚላኖ አጠገብ ካምቢያጎ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የፋብሪካው ምልክት በካርታ መጫወቻ ላይ የምናውቀው ባለ ሦስት ቅጠሉ ነው። በድሮዎቹ የብረት ፍሬሞቹ ላይ ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ የሹካው ትከሻ ላይ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ፣ አንዳንዴም ከፔዳሉ ቤት (የፔዳሎቹ ዘንግ ከሚያልፍበት ቱቦ) ሥር። ጥፍራችሁን አስኪዱበት። የፋብሪካው ቀለም ያለበት ፍሬም ላይ የቅርጹ ጠርዝ ስለታም ነው። ተደራርቦ የተቀባው ላይ ቅርጹ በቀለም ሞልቶ ጥፍር አይዝም። ጨርሶ ምንም ቅርጽ ከሌለና ስቲከሩ ብቻ የሚጮህ ከሆነ፣ ለስሙ ብላችሁ አንድ ብር እንዳትጨምሩ።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። የኋላው ጎማ ዘንግ የሚሰካበት ጆሮ ላይ «ካምፓኞሎ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ብስክሌቱ ራሱ የካምፓኞሎ ይመስላቸዋል። ካምፓኞሎ የጣሊያን የብስክሌት ዕቃ ሠሪ ነው፤ ይህን ጆሮ ለብዙ ፍሬም ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። ጽሑፉ የሠሪውን ማንነት አይነግራችሁም። ሠሪው ለዕቃ እንዳልሰሰተ ግን ይነግራችኋል። ይህ ጆሮ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ወፍራም ነው። ርካሹ ከላሜራ ተቆርጦ የወጣ፣ ስስና ጠፍጣፋ ነው። ፍሬሙ ላይ የፋብሪካ ቁጥር ባይኖርም አትደንግጡ፤ ብዙ የጣሊያን ሠሪዎች የፍሬሙን መጠን ብቻ መትተው ያልፉ ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምተማመንበት ፍተሻ ልምጣ። የኮርቻውን ዘንግ አስወጡት። ብዙ ጊዜ ውፍረቱ በሚሊሜትር ዘንጉ ላይ ተመትቷል፤ ከሌለ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩት። የኮርቻው ቱቦ የውጭ ስፋት በአብዛኞቹ የድሮ የብረት ኮርሶች 28.6 ሚሊሜትር ነው። ዘንጉ 27.2 ከሆነ ለብረቱ ግድግዳ በየጎኑ የሚተርፈው 0.7 አካባቢ ነው። ይህ ስስና ጥሩ ቱቦ ነው፤ የጣሊያኑ ቱቦ ሠሪ የኮሎምበስ ኤስኤልም ሆነ ሁለቱ ጫፎቹ ወፍረው መሐሉ የሳሳው ሬይኖልድስ 531 በተለምዶ የሚይዙት ይህን ዘንግ ነው። ዘንጉ 25.4 ከሆነ ግን ግድግዳው 1.6 ሆነ ማለት ነው፤ ይህ የውኃ ቧንቧ ውፍረት ነው። በላዩ ላይ የተለጠፈው ስም የፈለገውን ቢል ቁጥሩ አይዋሽም። በመሐል 27.0 ቢያጋጥማችሁ አትናቁት፤ ወፈር ያለው ኮሎምበስ ኤስፒ ይህን ይይዛል፣ ለከባድ ሰውም ይሻላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ዘንጉ ልኩ መሆኑን አረጋግጡ። ቀጭን ዘንግ በቆርቆሮ ጠቅልሎ የሚሰካ አለ።

ሬይኖልድስ 531 እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ የእንግሊዝ ቱቦ ነው። ስቲከሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። አንዳንዱ ሦስቱ ዋና ቱቦዎች ብቻ ከ531 እንደተሠሩ ይናገራል፤ ሹካውና የኋላው ክፍል ሌላ ብረት ነው። ሻጩ «ሙሉው 531 ነው» ሊላችሁ ይችላል። «ኤስኤልኤክስ» የሚል የኮሎምበስ ስቲከር ካለ ደግሞ ማጣሪያው ቱቦው ውስጥ ነው። የፔዳሉ ቤት ሲፈታ በስልክ መብራት ወደ ቱቦዎቹ ግቡ። አምስት ጠመዝማዛ መስመሮች ብረቱ ላይ ወጥተው መታየት አለባቸው። ከሌሉ ኤስኤልኤክስ አይደለም።

አሠራሩን በተመለከተ ሁለቱን ፍሬሞች ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ መጋጠሚያዎቹን አስተያዩ። ቱቦዎቹ የሚሰኩበት እጅጌ ጠርዙ በሞረድ ስስ ተደርጎ ከሆነ፣ ሹል ጫፎቹ በግራም በቀኝም እኩል ከሆኑ፣ የናሱ ብየዳ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ከፈሰሰ፣ ጥንቁቅ እጅ ነክቶታል። የናስ ጉብታ፣ የጎደለ ቦታ፣ የሞረድ ፍቅፋቂ ካያችሁ የችኮላ ሥራ ነው። የተላጠው ፍሬም እዚህ ላይ ያሸንፋል፤ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። አዲሱ ቀለም ወፍራም ከሆነ የእጅጌው ጠርዝ ከቱቦው ጋር ተዋህዶ ይጠፋል። መሬት ያልወረደ የቀለም ጠብታ፣ ቀለም የገባበት የቡሎን ጥርስ፣ ከሥሩ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት፣ እነዚህ የስፕሬይ ሥራ ምልክቶች ናቸው።

ግጭት ከዝገት ይበልጥ ያስፈራኛል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ሕይወታችሁ ያለው የፊት ሹካው ላይ ነው። የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር ከሚገናኙበት ትንሽ ወደ ኋላ፣ በታች በኩል፣ ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ አስኪዱ። እብጠት ወይም እጥፋት ከተሰማችሁ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል። አትግዙት። ጫፉ ወደ ፊት የጎበጠ ሹካ ከጎን ሲታይ የላይኛው ክፍሉ ከመሪው ቱቦ ጋር አንድ መስመር መሆን አለበት፤ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ተመትቷል። ኮልናጎ በኋላ ያወጣው ቀጥ ያለ ሹካ ግን ከትከሻው ጀምሮ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል በዚህ ሕግ አይዳኝም።

አዲስ የተቀባው ላይ ማግኔት ተጠቀሙ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። ቱቦው ላይ እያሳለፋችሁ ስትሄዱ አንድ ቦታ መያዙ ከላላ ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ ስርጉዱ ተሞልቶ ነው። ከዚያ ሲባጎ ያዙ። ከኋላው ቀኝ ጆሮ አስራችሁ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙራችሁ ወደ ግራው ጆሮ መልሱት፣ ወጥሩት። ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ክፍተት በሁለቱም በኩል እኩል መሆን አለበት። የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት አያስጨንቅም። አራት አምስት ከሆነ ፍሬሙ ጠሟል።

ዝገትን በተመለከተ የጣና ዳር ሰው ማስታወስ ያለበት ውኃ በኮርቻው ቱቦ ገብቶ የፔዳሉ ቤት ውስጥ እንደሚተኛ ነው። ክረምቱን ሙሉ ደጅ ያደረ ብስክሌት ከውጭ ንጹሕ ሆኖ ከሥር ሊበላ ይችላል። ላዩ ላይ ቡናማ ጥላ ብቻ ካለ ይጸዳል። ቀለሙ አረፋ ካወጣና በጠንካራ ነገር ሲጫኑት ከገባ ግን ብረቱ አልቋል። የአሉሚኒየም ኮርቻ ዘንግ ብረቱ ውስጥ ተጣብቆ አልወጣ ካለም ዋጋ ቀንሱ፤ አንዳንዴ ከመጋዝ በቀር መፍትሔ የለውም።

እንግዲህ ለማን የቱ? በከተማው ሜዳ ላይ ሥራ ለመመላለስ ከሆነ፣ በወጉ የታደሰ ስም የለሽ ፍሬም ይበቃል። ወደ እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ዳገት ለሚለማመድ ሰው ግን ቀጥ ያለ፣ 27.2 ዘንግ የሚይዝ፣ የተላጠ ፍሬም ከማንኛውም የሚያብረቀርቅ ይሻለዋል። ቀለሙን በኋላ ያስቀባዋል።

ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት የፔዳሉን ቤት ስፋት በማስመሪያ ለኩ። 68 ሚሊሜትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ጥርስ ነው፤ ከቻይና በሚመጣው ዕቃ ይሞላል። 70 ከሆነ የጣሊያን ነው፤ ዕቃው እዚህ በቀላሉ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ማስመጣት ግድ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዙ የቀኙ ጎን የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ በጣሊያኑ ሁለቱም ወደ ግራ ነው። ይህን ለመካኒኩ ገና ቁልፍ ሳያነሳ ንገሩት፤ በተቃራኒው በጉልበት የተፈታ የፔዳል ቤት ጥርሱ አይመለስም።