አዳማ ላይ ቁርጥ ካማራችሁ

ወደ አሰላ መውጫው ላይ ታፔላ የሌላት ትንሽ ሥጋ ቤት አለች። በሩ ላይ የተሰቀለውን ሥጋ አይታችሁ ትገባላችሁ።

ቆራጩ «ጋሼ፣ ዛሬ የሐረር ሰንጋ ነው ያለኝ» አለኝ። የትኛው ሥጋ ቤት የማይለው! ጮማውን ሳይ ግን አመንኩት። ነጭ ነው፣ ጠንከር ብሎ ቀዩ ሥጋ መሃል ገብቷል። ጭሮ አካባቢ ስላደግሁ የሐረርጌን በሬ አውቀዋለሁ። ገበሬው ወይፈን ይገዛል፣ ጥቂት ዓመት ያርስበታል። ከዚያ ደጁ ላይ አስሮ የማሽላና የበቆሎ ቅጠል በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል። የቤት ልጅ ነው በሉት። የቦረናው በሬ ሰፊ መስክ ላይ እየዞረ ነው የሚያድገው፤ እሱም ቢሆን አይናቅም።

ቁርጡ እስኪመጣ ከቆራጩ ጋር ስለ ክፉ ቀን አወራን። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ገባ። ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ እንዳለቀ ይገመታል። የሚጠመድ በሬ ጠፋ፣ ረሃብ ሆነ። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለሕዝቡ አሳዩ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ቆራጩ ቢላውን እየሳለ «ታዲያ ያኔ ሥጋ ቆራጭ ምን በልቶ ኖረ?» አለኝ። ለራሱ ነው የደነገጠው።

ሻኛና ታላቅ የሚባለውን ብልት አዘዝን። ሻኛው አፍ ውስጥ ሟሟ። አዋዜው ጠጅ የገባበት ይመስለኛል፤ ሚጥሚጣው ያስለቅሳል። ጥብሱ ግን ደረቀብን፣ ሸክላውን ከእሳት ቶሎ አያነሱትም። እንጀራውም የትናንት ነበር። ዋጋው ከመሃል ከተማው ብዙም አይለይም። ደስ ያለኝ ሚዛኑ ነው፤ አጥንት አይጭንባችሁም። የቄራውን ማህተም ደግሞ ሳትጠይቁት አዙሮ ያሳያችኋል። ጥሬ ለሚበላ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ኋላ ኮሶ አለ።

በድሮ የግብር ድግስ ብልት እንደየማዕረጉ ነበር የሚታደለው። እዚህ ሻኛው ለቀደመ ሰው ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ድረሱ፣ ከሰዓት ብትሄዱ ወርች ነው የሚተርፋችሁ። ረቡዕና ዓርብ ዝግ ነው።