የእህቴን የሠርግ ካርድ ለሠራችልን ልጅ

ሰላም የጅማ ልጆች። የእህቴ ሠርግ ካለፈ ወራት ሆኑ። መልሱም አለፈ፣ ድንኳኑም ተነቀለ፣ የእድሩ ድስትና ወንበርም ተመለሰ። እኔ ግን አንድ ምስጋና ውስጤ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ልክፈለው።

የማመሰግናት ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር ጠባብ ክፍል ውስጥ የሠርግ ካርድ የምትሠራ ወጣት ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ የወረቀት መቁረጫ አላት። ስሜን በአደባባይ እንዳትጽፊ ብላ ስለለመነችኝ አልጽፍም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ።

የካርዱን ጉዳይ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የቤቱ ታላቅ ነኝ። አባዬ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ያሠራነው ሌላ ቦታ ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም። ናሙና ሳያሳዩን 50 ካርድ አትመው ሰጡን። በክሬም ወረቀት ላይ ወርቃማ ፊደል ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ካርዱን ወዲህና ወዲያ እያዘነበለች ልታነበው ሞከረች። ፊደሉ ያብረቀርቃል እንጂ አይነበብም። "ልጄ፣ ምን ይላል ይሄ?" አለችኝ። የገዛ ስሟን ማንበብ አቅቷት ነው።

በማግስቱ ካርዱን ይዤ ወጣሁ። ወደዚህች ልጅ የላከችኝ ቆጪ ሰፈር ያለች ጎረቤታችን ናት፣ እግዜር ይስጣት።

ልጅቷ ካርዱን ስትቀበለኝ ስለ ቀለምም ስለ ሪባንም አላነሳችም። አነበበችው። እንደተጠራ ሰው ሆና፣ ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ስልኳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ከፈተች።

"እህቴ፣ ጥር 18 እሑድ ነው። እዚህ ግን ጃንዋሪ 27 ተብሏል። ጃንዋሪ 27 ሰኞ ነው" አለችኝ።

ደነገጥኩ። ሠርጋችን ጥር 18 ቀን 2017 ነበር፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ማለት ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያስረዳችኝ እሷ ናት። 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች 2016 የገባው በሴፕቴምበር 12 ነው። በዚያ ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ተገፍቷል። ስለዚህ በ2016 ጥር 18 እውነትም ጃንዋሪ 27 ነበር። በ2017 ግን ወደ ቦታው ተመልሷል። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ያለፈውን ዓመት ካርድ ከፍተው ስም ብቻ ቀይረው ሰጥተውን ነው የሚመስለው። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን ፈቃድ የሚጠይቀው በጃንዋሪው ቀን ነው። አስቡት እንግዲህ። እባካችሁ፣ ሁለቱንም ቀን የምታስጽፉ ከሆነ የሳምንቱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አመሳክሩ።

ሰዓቱንም እንዲሁ አስተካከለችው። የምሳ ግብዣው ከቀኑ 6፡00 ሰዓት ነው። ለእኛ ግልጽ ነው። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ግን ስድስት ሰዓት ወይ ንጋት ነው ወይ አመሻሽ። ከጎኑ በፈረንጆቹ ሰዓት አቆጣጠር 12፡00 ብላ "እኩለ ቀን" የሚለውን ጨመረችበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

"ጠሪዎቹ እነማን ናቸው?" አለችኝ። ካርዱ ላይ የአባዬና የእማዬ ስም ጎን ለጎን ተጽፏል። እንዲጻፍ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባዬን ከልጁ ሠርግ ካርድ ላይ መሰረዝ አቅቶኝ ነበር። ልጅቷ ፊቴን አየችኝ። "አባታችሁ አሉ?" አለችኝ ቀስ ብላ። መልስ አልወጣኝም። ወንበር ስባ ሰጠችኝ፣ በሩን ገርበብ አደረገችው። ብዙ አላወራችም። ትንሽ ቆይታ እንዲህ አለችኝ፦

"ጠሪ ማለት በዕለቱ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ነው። እሳቸውን ጠሪ ብናደርግ የሚያውቅ ሰው ያዝናል፣ የማያውቅ ደግሞ ድንኳን ገብቶ ይፈልጋቸዋል። እናታችሁንና ያባታችሁን ወንድም ጠሪ እናድርጋቸው። አባታችሁ ግን ከካርዱ አይወጡም። የሙሽራዋ ስም ሲጻፍ ያባቷ ስም አብሮ አይደል?"

እንዳለችውም አደረገች። የእህቴን ስም ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር ለብቻው በአንድ መስመር፣ ከሌላው ጽሑፍ ጎላ ባለ ፊደል አስቀመጠችው። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ያለ ምንም ብልጭልጭ። ናሙናውን ለእማዬ ወሰድኩላት። ወደ መስኮት መሄድ አላስፈለጋትም። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። እህቴ ስም ላይ ደረሰች፣ ቀጥላ የአባዬን ስም አነበበች፣ ቆመች። "አለ" አለች። ካርዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆየች።

አባት ወይ እናት የሌላቸው ሙሽሮች ብዙ ናቸው። ካርድ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ እንደዚህች ልጅ በለስላሳ አንደበት ቢጠይቅ እንዴት ደስ ባለኝ።

ከሐዘን ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ካርድ ላይ "ከነባለቤትዎ" የሚል ቃል ታትሞ ይመጣል። ባሏ የሞተባት ሴት ያንን ስታነብ ምን እንደሚሰማት እኔ ከቤቴ አውቀዋለሁ። ልጅቷ ቃሉን አውጥታ ቦታውን ባዶ ተወችልን። "ከነባለቤትዎ" ወይም "ከነቤተሰብዎ" የሚለውን እንደየቤቱ በእጃችን ጻፍነው። ሀጂውን ሀጂ፣ መምህሩን መምህር፣ ቄሱን ቄስ እያልን። በእጅ የተጻፈ ስም ደግሞ ሰው ደስ ይለዋል።

ስለ ብዛቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። 600 ሰው ስለምንጠራ 600 ካርድ ላሳትም ነበር። "ስንት ቤት ነው?" አለችኝ። ከእማዬ ጋር ሌሊቱን ቁጭ ብለን ቆጠርን፣ 230 ቤት ሆነ። እሷ 250 አተመች። ሃያዎቹ ለተረሳ ሰው ናቸው፣ የተረሳ ሰው መቼም አይጠፋም። ፖስታውን ደግሞ 280 አደረገችው፣ ስም ሲጻፍ የሚበላሸው ፖስታው ነው ብላ። ልክ ነበረች። ወጪያችን ከግማሽ በታች ወረደ። ብዙ በሸጠች ቁጥር የምታተርፈው እሷ ሆና ሳለ ቀንሺ ያለችኝም እሷ ናት።

የሙሽራው ቤተሰቦች አጋሮ ናቸው፣ የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ካርዱ አንድ ገጽ አማርኛ፣ አንድ ገጽ አፋን ኦሮሞ ሆነ። ልጅቷ ሁለቱንም ቋንቋ ትናገራለች። ቢሆንም የኦሮምኛውን ገጽ የሙሽራው አክስት ሳያነቡት አላትምም አለች። ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ አናባቢው ሲያጥርና ሲረዝም ቃሉ ይለወጣል። "ለፋ" መሬት ነው፣ "ላፋ" ደግሞ ለስላሳ ነው። አክስትየው አንብበው ሁለት ቃል አስተካከሉ። ካርዱ ሲደርሳቸው "የእኛም ነው" ብለው ስመው ተቀበሉት። ከሁለት ቋንቋ ቤት የምትጋቡ፣ አንዱን ቋንቋ ከታች በትንሽ ፊደል አትወሽቁት። እኩል ገጽ ስጡት።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ነበር። ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ከታጠፈ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይላጣል። እሷ ከማጠፏ በፊት በማስመሪያና በደነዘዘ ብረት መስመር ታወጣበታለች። ማጠፊያው ላይ ደግሞ ቀለም አታሳርፍም። 250 ካርድ፣ አንድ በአንድ በእጇ። የመጀመሪያው ካርድ ፋይል ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ስለነበር እሷ ኮምፒውተር ላይ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የተከፈተው። በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው በዩኒኮድ እንደገና ጻፈችልን። ፊደሉ እንዳይዘበራረቅ የምትልከው ሁሌ በፒዲኤፍ ነው።

ለስልክም ለብቻው ሠራችልን። የታተመውን ካርድ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ አይሆንም፣ ፊደሉ ያንሳል። ለስልክ እንዲመች ቁመቱን አርዝማ፣ ፊደሉን አጉልታ፣ ድንኳኑ ያለበትን ካርታ የሚከፍት ማስፈንጠሪያ አብራ አዘጋጀች። ይሄ ለጓደኞችና ሩቅ ላሉት ነው። ለሽማግሌና ለጎረቤት ካርድ በእጅ ነው የሚሰጠው፣ ጅማ ላይ ይህን ልንገራችሁ ማለት አይጠበቅብኝም። እኔና ያጎቴ ልጅ በባጃጅ ዞርን። ካርድ ይዞ የገባ ሰው ቡና ሳይጠጣ አይለቀቅምና በቀን ብዙ ቤት ማዳረስ አልቻልንም። ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባንጀምር ኖሮ አንጨርስም ነበር። ከዚያ ሩጫ ሁሉ የማልረሳው ግን እነዚያን ቡናዎች ነው። በየቤቱ አባዬን ያነሱልናል፣ እህቴን ይመርቋታል።

የማጠናቀቂያውን ነገርም ያሰበችልን እሷ ናት። ለድንኳኑ የሚሆኑ ትንንሽ ጽሑፎች አተመችልን። አንደኛው የሙስሊም እንግዶቻችን ምግብ የት እንዳለ የሚያሳይ ነው። እኔ ሰው ያውቃል ብዬ ነበር። "ሰው እየዞረ እንዳይጠይቅ፣ አይቶ እንዲቀመጥ ነው" አለችኝ። ሥጋው በሙስሊም እጅ የታረደ፣ ድስቱም አስተናጋጁም የተለየ መሆኑን በአጭሩ በሁለት ቋንቋ ጻፈችው። ጎረቤታችን ሀጂ ጽሑፉን አንብበው፣ ፈገግ ብለው፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሌላው አስፋልቱ ላይ ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ የሚሰቀል ቀስት ነበር። ሙሽሮቹን ይዘው የመጡት መኪኖች ሳይቀሩ በእሱ ነው የተመሩት።

ለእንግዳ መሸኛ የጅማ ቡና ሰጠን። በትንሽ የወረቀት ከረጢት የተቆላ ቡና፣ ላዩ ላይ የሙሽሮቹ ስምና ቀኑ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት። ቡናውን የቆላችው እማዬ ከእህቶቿ ጋር ሆና ነው። ልጅቷ የነገረችን ነገር ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። ቡናውን በተቆላበት ሰዓት ትኩሱን እንዳታሽጉት። አዲስ የተቆላ ቡና አየር ያወጣል፣ ከረጢቱን ይነፋዋል። ጠቆር ብሎ ከተቆላ ደግሞ ዘይቱ ወረቀቱን ያወረዛዋል። አንድ ቀን አሳድረን፣ ውስጡን ቅባት በማያሳልፍ ወረቀት ለብጠን አሸግነው። ሳይፈጭም ሰጠነው፣ የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይጠፋል። ወንድማችን አምስት ከረጢት ይዞ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ስልክ ቶሎ አታነሳም። ሥራ ላይ ከሆነች ማታ ነው የምትደውለው። "ለነገ አድርሺልኝ" የሚል ሥራም አትቀበልም፣ ናሙናው በቤተሰብ ሳይነበብ ማተም አልወድም ትላለች። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየሁትም፣ የሚቸኩል ሰው ግን አስቀድሞ ይወቀው። ዋጋዋን አልጽፍም፣ ወረቀት በየጊዜው ስለሚጨምር ራሷን ጠይቁ። ግማሹን ሲታዘዝ፣ ግማሹን ካርዱን ስትረከቡ ትከፍላላችሁ። በቴሌብርም ትቀበላለች።

የኔ እህት፣ ይህን ካነበብሽው እማዬ ሰላም ብላሻለች። ለፋሲካ ቤት ትምጣ ብላለች፣ ቀረሽ ብላ እንዳትቀየምሽ።

ለጥር የምታስቡ ኅዳር ሳያልቅ ሂዱ፣ ከጥምቀት በኋላ ላሉት እሑዶች ቶሎ ነው የሚሞላባት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የምትደግሱም ጾሙ ሲጋመስ አግኟት። ስትሄዱ የቤቶቹን ዝርዝር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። የጠሪዎቹን ስም ደግሞ ለብቻው፣ በትልቁ።