የጡረታ ፋይሌን በ40 ዓመቴ አስከፈትኩት

ጡረታ ሲባል ድሮ ሽበትና ከዘራ ነበር የሚታየኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ገና 40 ዓመቴ ነው። አምና ግን አንድ ባልደረባችን ጡረታ ወጡና ፋይላቸው “አልተሟላም” እየተባለ ሰባት ወር ሲመላለሱ አየሁ። ጋሼ ያንን ቡናማ ፖስታ በብብታቸው ሸጉጠው እየመጡ፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። እኔስ? ብዬ አንድ ቀን ወደ ጡረታ ቢሮ ሄድኩ።

ወረፋው እንደምታውቁት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ደርሼ መስኮቱ ጋ የቀረብኩት አራት ሰዓት ላይ ነው። “በስሜ ስንት ብር ተጠራቅሟል?” አልኩት ልጁን። ከደመወዜ የሚቆረጠው 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቴ ከሚከፍለው 11 በመቶ ጋር እንደ ባንክ ደብተር የሚቀመጥልኝ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ሳቀ። “እህቴ፣ እዚህ ዓመት ነው የሚጠራቀመው” አለኝ።

ለዚህ ልጅ ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ከኋላዬ ሰው እያጉረመረመ፣ የተጻፈበት ወረቀት ገልብጦ አሰላልኝ። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል ማለት ነው። በ26 ዓመቴ ሥራ የጀመርኩ ሰው በ60 እስክወጣ እሱን አልደርስበትም፣ ይቅር።

የሚታሰበው ደግሞ ደመወዝ ብቻ ነው። የቤት አበል፣ ምናምን አይገባም።

ከዚያ ፋይሌን አወጣው። አገልግሎቴ የሚጀምረው ከ2008 ነው ይላል። እኔ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ አራት ዓመት አንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ፤ በየወሩም ጡረታ ተቆርጦብኛል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በሌላ መሥሪያ ቤት ቢያዝም፣ ሰው ወደ መንግሥት ሲዛወር አገልግሎቱ አብሮ ይቆጠራል። የእኔ የት ገባ?

ጉዱ የተገኘው ፊደል ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ የአባቴን ስም በሃሌታው ሀ ጽፎ ልኳል። መታወቂያዬ ላይ ያለው በብዙኃኑ ኀ ነው። አፍ ሲጠራው አንድ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ሁለት ሴቶች ሆንን። አንዷ አራት ዓመት ሠርታ የጠፋች፣ ሌላዋ በ2008 ከሰማይ የወረደች።

“አራት ዓመት ምን ያደርጋል?” ያለኝ ባለቤቴ ነው። አሰላሁለት። በ60 ዓመቴ ስወጣ 34 ዓመት ከሆነ 60 በመቶ፣ 30 ዓመት ከሆነ 55 በመቶ። አማካይ ደመወዜ 20,000 ብር ቢሆን፣ ልዩነቱ በወር 1,000 ብር ነው። እስክሞት ድረስ። እኔ ቀድሜ ብሞት የጡረታው ግማሽ ለእሱ እንደሆነም ነገርኩት። ያኔ ነው የጋብቻ ወረቀታችንን ራሱ ፈልጎ ያመጣው።

የድሮው ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ መለሰኝ። “ሒሳብ ሹሟ ስብሰባ ላይ ናት”፣ “ፔሮሉ መጋዘን ነው”፣ “ነገ”። በአራተኛው እኔው መጋዘን ገባሁ። ከተሰበረ ወንበር ሥር የ2005ን ፔሮል አገኘሁት፤ ስሜ ከነፊርማዬ አለ። ሌሎቹንም ዓመታት እዚያው ክምር ውስጥ ለቀምኩ። በአቧራው ሳምንት ሙሉ አስነጠሰኝ።

የጡረታ ቢሮውን በጥቅሉ ከአምስት ሦስት እለዋለሁ። የሚያስረዳ ሰው አላቸው፣ ጉቦ የጠየቀኝም የለም። ግን ፋይልህ ጎድሏል ብሎ የሚጠራህ የለም፤ ራስህ ካልሄድክ ጉድለቱን የምታውቀው በ60 ዓመትህ ነው። የምትሄዱ ከሆነ የመጀመሪያ ቅጥር ደብዳቤያችሁን ያዙ። የልደት ዘመናችሁንም መጀመሪያ ስትቀጠሩ በሞላችሁት ቅጽ ላይ እዩት፣ ጡረታ የሚወጣው በዚያ ነው። በኋላ የወጣ የልደት ካርድ አያስተካክለውም።

አሁን አራቱ ዓመታት ተደምረውልኛል፤ ማረጋገጫ ደብዳቤውም ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። የአባቴ ስም በሐመሩ ሐ ተጽፏል።